ከአፈር በታች ያለ በደል

ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ከወንድሞቻችን አንዱ ባለፈው ወር በውይይት ሰዓት ያቀረበው ጥያቄ ነው። ይህ ወንድማችን የሚሠራው በአንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመኪና ሞተር የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ከጋራዡ ጀርባ በተቆፈረች አንዲት ጉድጓድ ውስጥ በየቀኑ ይደፉታል፤ መሬቱም ይጠጣዋል። «ጉድጓዷ ሞልታ አታውቅም» አለን። «ያማረረ ሰው የለም፤ የታመመም ሰው አልሰማንም። ታዲያ ይህ ኀጢአት ነው ወይስ አይደለም? ለንስሐ አባቴ የምነግረው ነገር ነው?» ግማሾቻችን ሣቅን። ከጋራዡ በታች ባለው ሰፈር የሚኖሩት ግን አልሣቁም፤ እነርሱ የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቀን የሚቀዱት ከጉድጓድ ነውና።

ጥያቄው ቀላል መስሎን በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ልንሰጠው ተስማማን። መልሱን ስንፈላልግ ግን ከጋራዡ ጉድጓድ እጅግ የሚበልጥ፣ በጠባዩ ግን ያንኑ የሚመስል ታሪክ አገኘን። ይኸውም በናይጄሪያ፣ በኒጀር ወንዝ ዴልታ የሚኖረው የኦጎኒ ሕዝብ ታሪክ ነው። እርሱን ሳንተርክ ለወንድማችን መልስ መስጠት የማንችል ሆኖ ስላገኘነው ከዚያ እንጀምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኦጎኒ ምድር ከፖርት ሃርኮርት ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ ስፋቱ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን አገር ነው። ሕዝቡ ካሳቫና ያም የሚተክል፣ ከወንዝና ከባሕር ሰርጥ ዓሣ የሚያወጣ ሕዝብ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዚያ ምድር ነዳጅ ተገኘ፤ ሼል የተባለው ኩባንያም ቆፍሮ ማውጣት ጀመረ። የነዳጅ ቧንቧዎች በእርሻው መካከልና በመንደሩ ዳር ተዘረጉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት ድፍድፍ ነዳጅ ከጉድጓድና ከቧንቧ እየፈሰሰ እርሻውንና ወንዙን አበላሸ። በ1990 ሕዝቡ ተደራጅቶ መብቱን ጠየቀ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ኬን ሳሮ-ዊዋ የተባለው ደራሲ ነበር። በ1993 ኩባንያው በኦጎኒ ምድር ነዳጅ ማውጣቱን አቆመ። ኅዳር 10 ቀን 1995 በጄኔራል ሳኒ አባቻ የሚመራው ወታደራዊ መንግሥት ሳሮ-ዊዋንና ስምንት ጓደኞቹን በስቅላት ገደለ።

እንግዲህ ቁፋሮው በ1993 ከቆመ ነገሩም በዚያው የሚያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የፈሰሰው ነዳጅ ሥራውን ከአፈር በታች ቀጥሎ ነበር።

ነዳጅ በመሬት ላይ ሲፈስ ከፊሉ ይተናል፤ ከፊሉን ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ የቀረውን አፈሩ ይጠጣዋል። ይጠጣዋል ስንል ያጠፋዋል ማለታችን አይደለም፤ ያስቀምጠዋል ማለታችን ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ታች ይገፋዋል፤ በኒጀር ዴልታ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ነው። በመጨረሻ ከከርሰ ምድር ውሃ ላይ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል፤ በውስጡ ካሉት ነገሮች በውሃ የሚሟሙት ግን ከውሃው ጋር ይዋሐዳሉ። የከርሰ ምድር ውሃም እንደ ወንዝ አይሮጥም። በአሸዋና በአፈር ቅንጣት መካከል ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ የፈሰሰው ነዳጅ ከጎረቤት ጉድጓድ ለመድረስ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ያፈሰሰው ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ ወይም ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ወይም ሞቶ ሳለ፣ ያን ጊዜ ያልተወለደ ልጅ በጣሳ ቀድቶ ይጠጣዋል።

የናይጄሪያ መንግሥት ጠይቆ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ምድሪቱን መረመረ። ምርመራው 14 ወር ፈጀ፤ ከ200 በላይ ቦታዎች ታዩ፤ ውሃውን ለመመርመር ብቻ 142 ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውጤቱ በነሐሴ ወር 2011 ወጣ። ከላይ ሲታዩ ደኅና የሚመስሉ አንዳንድ ቦታዎች ከሥራቸው ክፉኛ ተበክለው ተገኙ። ቢያንስ በዐሥር መንደሮች የመጠጥ ውሃው ነዳጅ ገብቶበታል። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በሚባለው መንደር ሰዎች ከሚጠጡት ጉድጓድ የተቀዳው ውሃ ውስጥ ቤንዚን የሚባል ኬሚካል የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከ900 ጊዜ በላይ በዝቶ ተገኘ። (ስሙ ለመኪና ከምንቀዳው ቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም ይህ በነዳጅ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፤ የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው።) በዚያው መንደር አቅራቢያ በከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፎ ተገኘ። ስምንት ሳንቲ ሜትር ማለት የአንድ ሰው መዳፍ ስፋት ያህል ነው። በዚያ አጠገብ የሚያልፈው ቧንቧ የሼል ሳይሆን የመንግሥቱ የነዳጅ ድርጅት ነበር፤ ይህን የምንጠቅሰው በደል የውጭ አገር ሰው ሥራ ብቻ እንዳይመስለን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን ይህ ቁጥር አይደለም። የመንደሩ ሰዎች ውሃው እንደሚሸት ያውቁ ነበር፤ አደገኛ መሆኑንም ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ሌላ ውሃ ስላልነበራቸው እየጠጡት፣ እየታጠቡበት፣ ምግብ እያበሰሉበት ይኖሩ ነበር። አንዲት እናት ልጅዋን መርዝ መሆኑን በምታውቀው ውሃ ስታጥብ እጅዋ ምን ይሰማው ይሆን? እኛ ክፍል ውስጥ ይህ ሲነበብ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የወንድማችን ጥያቄ «ያላየሁት ጉዳት ኀጢአት ሆኖ ይቆጠርብኛልን?» የሚል ነው። በክፍላችን ብዙዎች «ሳያውቅ ያደረገ ሰው አይፈረድበትም» አሉ። እውነትም አለማወቅ በደልን ያቀልላል። ነገር ግን በኦጎኒ ታሪክ ውስጥ ያገኘነው አንድ ነገር ይህን መልስ አናጋብን።

ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ ኩባንያው የማጽዳት ሥራ ይሠራ ነበር፤ አልሠራም ብንል ሐሰት እንናገራለን። አሠራሩ የላይኛውን አፈር ማገላበጥና በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ነዳጁን እንዲበሉት መተው ነበር። ይህ ዘዴ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው። ከሥር የሸክላ አፈር ስላለ ነዳጁ ወደ ታች አይወርድም የሚል ግምት ነው። መርማሪዎቹ ሲቆፍሩ በኦጎኒ ምድር ሁሉን የሚሸፍን የሸክላ አፈር ንጣፍ አላገኙም፤ ነዳጁም በብዙ ቦታ ከ5 ሜትር በታች ወርዶ ነበር። የኩባንያው መዝገብ «ጸድቶ ተጠናቋል» ከሚላቸው ቦታዎች 15ቱ ሲመረመሩ 10ሩ ኩባንያው ራሱ ካወጣው መለኪያ በላይ ተበክለው ተገኙ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ አለማወቅ ምን ዓይነት አለማወቅ ነው? ሸክላው አለ ብሎ ያመነ መሐንዲስ ውሸታም ላይሆን ይችላል። ምናልባት ከልቡ አምኖታል። ነገር ግን ማመኑ እንዴት ይመቸው እንደነበር ተመልከቱ! ሸክላ ካለ ሥራው በአንድ ክንድ ጥልቀት ያልቃል፤ ሸክላ ከሌለ ግን ወደ ታች መውረድ ሊኖርበት ነው። መቆፈሪያ የሌለው ደግሞ አልነበረም፤ ነዳጁን ከምድር ሆድ ያወጣው ቆፍሮ ነው። ለማውጣት ሲሆን በሺህ በሚቆጠር ሜትር የወረደ ሰው ለማጽዳት ሲሆን አምስት ሜትር አልወረደም። አባቶቻችን «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚሉት ስለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። አንድ ሰው መጠየቅ ሲችል ያልጠየቀው፣ መልሱም ለራሱ የሚጠቅመው ከሆነ፣ ያ አለማወቅ መጠጊያ ሊሆነው አይችልም ብለን እናምናለን። አለማወቁ ራሱ የበደሉ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንዲት እኅታችን ጌታችን ስለ ጽዋውና ስለ ወጭቱ ውጭና ውስጥ ለፈሪሳውያን የተናገረውን አስታወሰችን። እኛም ስለ ራሳችን ኑዛዜ ማሰብ ጀመርን። ከንስሐ አባታችን ፊት ቆመን «ተቆጣሁ፣ ዋሸሁ፣ ጾም ገደፍሁ» ብለን ስንጨርስ የላይኛውን አፈር ገለባብጠን ነው የምንመለሰው። ከሥር ሸክላ እንዳለ እንገምታለን። የዋሸነው ውሸት ወደ ማን ጉድጓድ እንደ ወረደ፣ ማን እንደ ጠጣው ግን ቆፍረን አናይም። ከእኛ መካከል አንዱ ከዓመታት በፊት ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው የተናገረው ወሬ ልጁን ከሥራ እንዳስቀረው በቅርቡ መስማቱን ነገረን። ወሬውን ግን በዚያን ጊዜ ተናዝዞበት ነበር። «እኔ ጸድቻለሁ ብዬ ነበር» አለ። ከዚህ በላይ ልንናገርለት አልፈቀደልንም።

በክርክሩ የተነሣውን ሌላ ወገንም መሸፈን አይገባንም። ኩባንያው ለብዙው ነዳጅ መፍሰስ ምክንያቱ ቧንቧ እየቀደዱ የሚሰርቁት ሰዎች ናቸው ይላል። በእርግጥም ከ2007 ወዲህ በዚያ አካባቢ የተሰረቀ ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል እያፈሉ የሚያጣሩ ሰዎች መብዛታቸውን ምርመራው ራሱ ገልጿል። ይህን የሚሠሩት አብዛኞቹ እንደ እኛ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ዓሣው ስላለቀ፣ እርሻው ስለማያበቅል ነው ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን እነርሱ የሚያፈስሱት ነዳጅ ወደ እናቶቻቸው ጉድጓድ ነው የሚወርደው። ተበዳይ መሆን የመበደል ፈቃድ አይሰጥም። እንደዚሁም የሌባው ኀጢአት የኩባንያውን ዕዳ አይቀንስም። ገንዘብ ዐሥር ሰው ቢካፈለው ለያንዳንዱ ያንሳል፤ በደል ግን ዐሥር ሰው ቢካፈለው ለያንዳንዱ ሙሉውን ይደርሰዋል። በዚህ ላይ በክፍላችን ሁላችንም አልተስማማንም፤ ጸሐፊዎቹ ግን እንዲህ እናምናለን።

ካሣስ? ቦዶ በምትባል የኦጎኒ ከተማ በ2008 ከቧንቧ ብዙ ነዳጅ ፈስሶ ነበር። ሕዝቡ በለንደን ከሰሰ፤ በጥር 2015 ኩባንያው 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ ለ15,600 ያህል ሰዎች ለያንዳንዳቸው 2,200 ፓውንድ ግድም ደረሳቸው። ለድኻ ዓሣ አጥማጅ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ መከፈሉም ተገቢ ነበር። ዘኬዎስም ንስሐው የታወቀው ለቀማው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ባለ ጊዜ ነው። ነገር ግን ዘኬዎስ የወሰደው ገንዘብ ስለ ነበረ ገንዘብ መለሰ። ውሃ የወሰደ ሰው ምን ይመልሳል? ይስሐቅ ፍልስጥኤማውያን በአፈር የደፈኑትን የአባቱን ጉድጓዶች እንደገና ቆፍሮ ውሃ ማግኘቱን በኦሪት ዘፍጥረት እናነባለን። ምቀኛ በአፈር የደፈነው ጉድጓድ በዶማ ይመለሳል። ነዳጅ የገባበትን ጉድጓድ ግን ይስሐቅ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ቢቆፍር አይመልሰውም። የኦጎኒን ምድር ፈጽሞ ለመመለስ ከ25 እስከ 30 ዓመት እንደሚፈጅ መርማሪዎቹ ገምተዋል። ጽዳቱ በይፋ የተጀመረው ደግሞ በሰኔ 2016 ነው፤ ጥናቱ በወጣበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ያን ጊዜ አምስት ዓመት ሊሞላው ነበር።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር ሆነ። በመጋቢት 2025 ሼል በናይጄሪያ ምድር ላይ የነበረውን ድርጅቱን ለሌሎች ባለሀብቶች ሸጦ ጨረሰ። በሕግ ፊት ኀላፊነቱ እስከ ምን እንደሚደርስ ዳኞች ይወስኑ። እኛ የምንጠይቀው የኅሊናውን ነገር ነው። አንድ ሰው ቤቱን ሸጦ ሲሄድ ከግቢው ውስጥ የቀበረውን መርዝ አብሮ ሸጧል ማለት ይቻላልን? ገዢው ዐውቆ ከገዛ እርሱም ተጠያቂ ይሆናል፤ የቀበረው ሰው እጅ ግን በሽያጭ ውል አይታጠብም።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ለኬን ሳሮ-ዊዋና ለጓደኞቹ ከሞቱ ከ29 ዓመት በኋላ ይቅርታ አደረጉላቸው፤ ክብርም ሰጧቸው። መልካም ነው። ግን ይቅርታ የሚደረገው ለበደለ አይደለምን? ውሃችን ተበላሸ ብለው የጮኹት ይቅር ሲባሉ፣ ውሃውን ያበላሸው ማን ይቅርታ ጠየቀ? ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ «ይቅርታው አድራሻ ተሳስቷል» አለ። ቀልድ ነበር፤ የሣቀ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። በአገራችን በሶማሌ ክልል፣ በካሉብና በሒላላ፣ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ ዐሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ቆላ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ልጆቻቸውን የሚያጠጡት በአመዛኙ ከጉድጓድ ነው። ጋዙ ይውጣ አይውጣ እያልን አይደለም፤ የአገር ልማት ነው፣ ደስ ይለናል። ነገር ግን ገና ከመነሻው ከሥር ሸክላ አለ ወይስ የለም ብሎ የሚቆፍርና የሚያይ፣ ያየውንም ለእረኛው በቋንቋው የሚነግር ሰው መኖር አለበት። ይህን ከአሁኑ መጠየቅ ልማትን መጥላት አይደለም። የኦጎኒ ልጆች በአያቶቻቸው ዘመን ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚጠጡት።

ወደ ወንድማችን ጋራዥ እንመለስ። መልሳችን አጭር ሆነ። ኀጢአት መሆን አለመሆኑን እኛ አንፈርድም፤ እርሱን የንስሐ አባቱ ያውቃሉ። ነገር ግን «ማንም አልታመመም» የሚለውን ቃል እንዳይደግመው ነገርነው። አያውቀውምና። «ታዲያ ምን ላድርግ? ቅጥረኛ ነኝ» አለ፤ ይህም እውነት ነው። ሥራውን ቢያጣ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን የሚያበላቸው የለም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። ዘይቱን በበርሜል አጠራቅሞ ለሚገዙ ሰዎች መስጠት እንደሚቻል ሌላው ወንድማችን ነገረን። ግን ያ ለወደፊቱ ነው። እስከ ዛሬ የተደፋውስ?

በመጨረሻ ሦስታችን ከወንድማችን ጋር ሄደን የጋራዡን ባለቤት አነጋገርናቸው። ጋሼ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ወንበር ሰጡን። የመጣንበትን ስንነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ «እኔ እኮ ጉድጓዷን ካስቆፈርኩ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከሥሯ ድንጋይ አለ፣ አይወርድም» አሉን። አይተውት እንደሆነ ጠየቅናቸው። አላዩትም። ቆፋሪው ነው የነገራቸው፤ ቆፋሪውም ሞቷል። በርሜሉን እንደሚያስቡበት ነገሩን። ከጉድጓዷ አጠገብ መሬቱን ቆፍረን እንድናይ ግን ወዲያውኑ ፈቀዱልን፤ አካፋም ከጋራዡ እንደሚሰጡን ነገሩን። እሑድ መሬት መቆፈር ስለማይገባ፣ ቅዳሜም ብዙዎቻችን ሥራ ስላለን፣ ለመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዘናል። ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ካለን ዶማ የአንደኛው እጀታ ተሰብሯል።